ሦስት ዓመት ወደኋላ፦ ሊን ጆንስተን ቤተሰቧን የሣለችበት መንገድ

ነገሩ የሚጀምረው ከኮርኒስ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሃሚልተን በምትባል የካናዳ ከተማ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ለእርግዝና ክትትል ትመላለሳለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የምርመራ አልጋው ላይ በጀርባዋ ስትንጋለል ከላይ የሚታያት ባዶ ኮርኒስ ብቻ ነው። የወለደች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ሐኪሙ ሥራውን ይሠራል፣ አንቺ ኮርኒሱ ላይ አፍጥጠሽ ትቆያለሽ። ሴትዮዋ ይህንኑ ለሐኪሟ ለዶክተር መሪ ኤንኪን ነገረቻቸው። እሳቸው ደግሞ ካርቱን እንደምትሥል ያውቁ ነበርና፣ እንግዲያው ለኮርኒሱ የሚሆን ነገር አንቺው ሥዪልኝ አሏት። ሣለች። ደግማ ሣለች። እርግዝናው ሲያልቅ ወደ 80 የሚጠጉ ካርቱኖች ተጠራቅመው ነበር፣ ሁሉም ስለ ማርገዝና ስለ መውለድ። ዶክተሩ አንድ ላይ ሰብስበው አስቀምጠዋቸው ኖሮ፣ በኋላ መጽሐፍ እንዲሆኑ ገፋፏት፤ አሳታሚ ፍለጋውም ላይ አገዟት።

ያቺ ሴት ሊን ጆንስተን ናት። ከኮርኒሱ የተነሳው ነገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ፎር ቤተር ኦር ፎር ወርስ» የተባለ የጋዜጣ ኮሚክ ስትሪፕ፣ ማለትም በየቀኑ የሚወጣ ተከታታይ የካርቱን ታሪክ ሆነ። ስሙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲጋቡ ከሚለዋወጡት ቃል ኪዳን የተወሰደ ነው፤ በደጉም በክፉውም ቀን አብረን ነን እንደማለት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1979 መውጣት ጀመረ። ለ29 ዓመት ያህል ታሪኩ ሳይቋረጥ ቀጠለ፣ ከ2,000 በላይ ጋዜጦችም ያወጡት ነበር።

እኔን ይህን ጉዳይ ያስጻፈኝ አንድ ጥያቄ ነው። ይህች ሴት ይህን ሁሉ ዓመት ከቤቷ ስትቀዳ ኖረች። ባሏ አለበት፣ ልጆቿ አሉበት፣ ወንድሟ አለበት፣ ውሻዋ አለበት። እኛ ዘንድ ገበና የሚባል ነገር አለ፤ የቤት ነገር ከቤት አይወጣም ተብለን ነው ያደግነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ታዲያ አንድ ሰው ከገዛ ቤቱ እየቀዳ፣ በየቀኑ፣ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው እያሳየ፣ የቤተሰቡን ገበና ሳያወጣ መኖር ይችላል? ሊን ችላለች ብዬ አምናለሁ። እንዴት እንደቻለችም ሥራዋ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ያልቻለችበት ቦታም አለ፤ እሱም ይታያል።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣች ባጭሩ። በ1947 ኮሊንግዉድ፣ ኦንታሪዮ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ኖርዝ ቫንኩቨር ነው። ቫንኩቨር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ ካርቱን ፊልም የሚሠራበት ቤት ቀለም በመቀባት ሠራች። አግብታ ወደ ሃሚልተን ስትሄድ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕክምና ሠዓሊ ሆና ተቀጠረች፤ ለሐኪሞች ማስተማሪያ የሚሆን የሰውነት ክፍል መሣል ነው ሥራው። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ዘሎ ያልፋታል፣ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጣታለሁ። በኋላ ሥራዋ ውስጥ ሰዎች ሲያረጁ ታያላችሁ፤ ወገብ ይሰፋል፣ ትከሻ ይጎብጣል፣ የሕፃን ጉንጭ ሟሙቶ የጎረምሳ አጥንት ይወጣል። ሰውነትን አጥንቶ የሣለ እጅ ካልሆነ እንዲህ አይሠራውም።

የመጀመሪያ ትዳሯ ፈረሰ። ልጇን ይዛ ብቻዋን፣ ቤቷ ውስጥ በተገኘው የሥዕል ሥራ ትተዳደር ጀመር። በኋላ ሮድ ጆንስተን የተባለ የጥርስ ሕክምና ተማሪ አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ሊን ሌክ ሄደ። ሊን ሌክ በሰሜን ማኒቶባ ያለች፣ ክረምቷ የበረታ ትንሽ የማዕድን ከተማ ናት። ባልየው በአውሮፕላን እየበረረ ወደ ራቅ ያሉ መንደሮች ሄዶ ጥርስ ያክም ነበር። እሷ ከሁለት ልጆች ጋር እቤት ናት።

እዚያ እያለች ነው ዩኒቨርሳል ፕሬስ የተባለው ሲንዲኬት የፈለጋት። ሲንዲኬት ማለት የካርቱን ሥራዎችን ተዋውሎ ለብዙ ጋዜጦች የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። መጽሐፎቿን አይተው፣ ስለ ቤተሰብ ዕለታዊ ኮሚክ ልትሠሪልን ትችያለሽ ወይ አሏት። ሃያ ናሙና ሠርታ ላከች። ማንን ሣለች? ራሷን፣ ባሏን፣ ሁለቱን ልጆች። ደጋግማ ብትሥላቸው መልካቸው የማይጠፋባት እነሱ ብቻ ስለነበሩ ነው። የናሙናው ርዕስ ራሱ «ጆንስተኖቹ» የሚል ነበር። ሲንዲኬቱ ተቀበላት፤ የ20 ዓመት ውልም አቀረበላት። እስቲ አስቡት፣ ነገ ምን እንደምትሥል እርግጠኛ ላልሆነች የሁለት ልጆች እናት የ20 ዓመት ውል!

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ናሙናው «ጆንስተኖቹ» ቢልም ጋዜጣ ላይ የወጣው ግን የፓተርሰን ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ ስም ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚህ የመጀመሪያ እርምጃ የቀጠለ ነው፤ ቤቷን ትቀዳለች፣ ግን በቤቷና በወረቀቱ መካከል ክፍተት ትተዋለች።

ስሞቹን ተመልከቱ። ባልየው ጆን፣ ወንዱ ልጅ ማይክል፣ ሴቷ ኤልዛቤት ይባላሉ። ሦስቱም ከቤተሰቧ ሁለተኛ ስም የተወሰዱ ናቸው። ፈረንጆች ለልጅ ሁለት ስም ያወጡና አንዱን ለመጥሪያ፣ ሌላውን ለወረቀት ያደርጉታል። እኛ ጋ የክርስትና ስም እንዳለው ማለት ነው፤ የልጁ የራሱ ስም ነው፣ ግን ሰፈር ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ስሙ የነሱ ነው፣ ትምህርት ቤት ግን በዚያ ስም ማንም አይጠራቸውም። ለራሷ ግን እንዲህ አላደረገችም። እናትየዋን ኤሊ ብላ የሰየመቻት በሞተች ጓደኛዋ ስም ነው። ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። በየቀኑ የምትሥላትን፣ ራሷን የምታይባትን ሴት፣ ማደግና ማርጀት ላልቻለች ጓደኛዋ ሰጠቻት።

ቦታውንም አራቀችው። እነሱ የሚኖሩት በሰሜን በረዶ ውስጥ ነው፤ ፓተርሰኖች ግን ሚልቦሮ በምትባል የፈጠራ ከተማ፣ ቶሮንቶ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ጆን የጥርስ ሐኪም ነው፣ እንደ ባሏ የአሻንጉሊት ባቡርም ይወዳል፤ አውሮፕላን እያበረረ አይሄድም እንጂ። ኤሊ ደግሞ ካርቱን አትሥልም። ይህ ብልህ ውሳኔ ነው። ኤሊ ካርቱኒስት ብትሆን ኖሮ አንባቢው እያንዳንዱን ነገር ይቺ ሊን ናት እያለ ያነበው ነበር። ኤሊ መጀመሪያ የቤት እመቤት ናት፣ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፣ ከዚያ የመጻሕፍት ሱቅ ባለቤት ትሆናለች። የሊን ወንድም ጥሩምባ የሚጫወት ሙዚቀኛ ነው፤ ፊል የሚባለው የኤሊ ወንድም እንዲሁ። እዚህ ላይ ብዙም አልደበቀችም፤ ለነገሩ ወንድም ሙዚቀኛ ነው ተብሎ ቢወራ ምን ነውር አለው?

ግን ከሁሉም የምደነቅበት ክፍተት የጊዜው ነው። ብዙ የጋዜጣ ካርቱን ውስጥ ልጆች አያድጉም፤ አምስት ዓመት የነበረው ልጅ ከሃምሳ ዓመት በኋላም አምስት ዓመቱ ነው። ሊን መጀመሪያ ላይ ማይክልንና ኤልዛቤትን ለጥቂት ጊዜ ባሉበት አቆመቻቸው። እውነተኞቹ ልጆች እያደጉ ቀደሟቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ ያሉትንም ለቀቀቻቸውና በእውነተኛው ጊዜ ማደግ ጀመሩ፤ ዓመት በዓመት፣ ልደት በልደት። ግን በመካከል ሦስት ዓመት ያህል ክፍተት ቀረ። የሷ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ጋዜጣ ላይ ያለው ገና አሥራ ሁለት ነው።

ይህ ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የሚያፍርበት ነገር፣ አሥራ አምስት ሲሞላው የሌላ ሰው ታሪክ ያህል ይርቀዋል። ብጉር የወጣ ቀን ስለ ብጉሩ ቢወራ ይሞታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እሱ ራሱ ያወራዋል። ለሠዓሊዋም ያው ነው። ልጅ ወተት ደፍቶ፣ ስልክ እየጮኸ፣ ድስት እያረረ ባለበት ሰዓት ምንም አያስቅም። ሲቆይ ነው የሚያስቀው። ክፍተቱ ልጆቹን ከማሳፈር አዳናቸው፣ እሷን ደግሞ ንዴቷ እስኪበርድላት ጊዜ ሰጣት። ቤት ውስጥ የሆነውን ከማሳየት ይልቅ ቤት ውስጥ ሆኖ ያለፈውን አሳየች ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ስለ ራሴ ስልክ አሰብኩ። ዛሬ ልጃችን አንድ የሚያስቅ ነገር ሲናገር ገና አፉን ሳይዘጋ ቴሌግራም ላይ፣ ፌስቡክ ላይ አለ፤ ፊቱ፣ ስሙ፣ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ሳይቀር። እኔም አድርጌዋለሁ። ልጄ አንድ ቀን «ማማ፣ ለምን ለሰው ታሳያለሽ?» አለችኝ፣ ያኔ መልስ አልነበረኝም። ሊን በጋዜጣ ዘመን ማንም ሳያስገድዳት ያደረገችውን የሦስት ዓመት ትዕግሥት ሳስበው ከልቤ አከብራታለሁ። በቃለ ምልልሶቿ እንደተናገረችው፣ አብዛኛው ሐሳብ ከራሷ ጭንቅላት የሚወጣ ነበር፤ በቀጥታ ከልጆቿ ሕይወት የሆነ ነገር መውሰድ ስትፈልግ ግን ታስፈቅዳቸው ነበር።

በ1984 ቤተሰቡ ኖርዝ ቤይ አጠገብ ወዳለችው ኮርቢል፣ ኦንታሪዮ ተዛወረ። በ1985 የአሜሪካ የካርቱኒስቶች ማኅበር ትልቁ ሽልማት ሩበን ለእሷ ሆነ፤ ከሴት የመጀመሪያዋ፣ ከካናዳም የመጀመሪያዋ። ይህን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ቤቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም ልጆች ሲያድጉ ለቤተሰብ ካርቱን ሠዓሊ አንድ ችግር ይመጣል። ሕፃን ያለበት ቤት ሐሳብ አያልቅበትም። ልጆቹ ጎርምሰው በራቸውን ዘግተው መቀመጥ ሲጀምሩ ከየት ትቀዳለህ?

ሊን ሌላ ልጅ ተመኝታ ነበር። በሕይወቷ አልሆነም። ስለዚህ ሣለችው። ኤፕሪል ፓተርሰን ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ጋዜጣ ላይ ተወለደች። ለእኔ ይህ የጉዳዩ ትልቅ መታጠፊያ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወረቀቱ ከቤቱ ሦስት ዓመት ወደኋላ እየተከተለ ይሄድ ነበር፣ ኤፕሪል ግን ከማንም አልተቀዳችም። ከምኞት ነው የተቀዳችው። እናም ኤፕሪል ላይ ሊን ነፃ ናት። የሚያፍር ልጅ የለም፣ የሚጠየቅ ፈቃድ የለም። የኤፕሪልን ሕይወት ስታነቡት እጇ እንደተፈታ ይሰማችኋል።

ከዚያ የፋርሊ ነገር መጣ። ፋርሊ ፀጉራም የእንግሊዝ የበግ ጠባቂ ውሻ ነው፤ ሊን በወጣትነቷ በዚሁ ስም የምትጠራው እንዲህ ያለ ውሻ ነበራት። እንግዲህ ሕጉን ራሷ አውጥታለች፤ ሁሉም በእውነተኛ ጊዜ ያረጃል። ልጆቹ ካደጉ ውሻው ማርጀት አለበት፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ውሻ ደግሞ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ እምብዛም አይኖርም። በ1995 ጸደይ፣ ትንሿ ኤፕሪል ከቤቱ ጀርባ በሞላው ወንዝ ዳር ስትጫወት ገባች። ያረጀው ፋርሊ ተከትሏት ዘለለ፣ ልብሷን ነክሶ ይዞ አቆያት፤ የፋርሊ ልጅ የሆነው ውሻ ኤድጋር እየጮኸ ወላጆቿን ጠራ። ልጅቷ ተረፈች። የፋርሊ ልብ ግን አልቻለም።

አንድ የማልረሳው ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። «ፒናትስ» የተባለው ታዋቂ የጋዜጣ ካርቱን ፈጣሪ ቻርልስ ሹልዝ ወዳጇ ነበር፤ ፋርሊን ልትገድለው እንደሆነ ስትነግረው ፈጽሞ እንዳታደርገው ለመናት። ካደረግሽው እኔም የካርቱኔን ውሻ ስኑፒን መኪና እንዲገጨው አደርግና ሰው ሁሉ በስኑፒ ሲጨነቅ ያንቺን የሚያየው አይኖርም አላት። እሷም የሚወጣበትን ቀን ሳትነግረው አሳተመችው። ደብዳቤው ጎረፈ። ያመሰገናት ነበረ፣ ያለቀሰ ነበረ፣ እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ ብሎ የተቆጣም ብዙ ነበረ። ወረቀት ላይ ያለ ውሻ ነው እኮ! ግን ሰዎቹ ልክ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት በየጠዋቱ ከቡና ጋር ያዩት የነበረ ውሻ ነው፤ ቤተኛ ሆኗል። በኋላ የኦንታሪዮ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር፣ አቅም የሌላቸው ሰዎች የታመመ እንስሳቸውን እንዲያሳክሙ የሚረዳ ድርጅት ሲያቋቁም በፋርሊ ስም ሰየመው።

ከፋርሊ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ከባዱ ታሪክ ወጥቷል። በ1993 የማይክል የልጅነት ጓደኛ የሆነው ሎረንስ ለቤተሰቡ የተመሳሳይ ፆታ ዝንባሌ እንዳለው ይናገራል፤ ከቤት ይባረራል፣ ተፈልጎም ይመለሳል። የሊን የባሏ ወንድም በዚህ ያለፈ ሰው ነበር። ለረጅም ዘመን የቅርብ ወዳጇ የነበረና እንዲሁ የሆነ የቀልድ ጸሐፊም በሰው እጅ ተገድሎባታል፤ ሐዘኑ ከውስጧ አልወጣም ነበር። አንዳንድ ጋዜጦች ያንን ታሪክ አናወጣም ብለው ሌላ ካርቱን ተኩ፣ ጨርሰው ውሉን የሰረዙም ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ፑሊትዘር ለተባለው ትልቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባች።

ሰው በርዕሱ ላይ የየራሱን አቋም ይዞ ተከራከረ። እኔ እዚህ የማየው ግን የአሠራሩን ነው። ሐዘኑ የሷ ነው፣ ሎረንስ ግን የፓተርሰን ልጅ አይደለም፣ የጎረቤት ልጅ ነው። ማይክል ላይ ብታደርገው በማግስቱ አንባቢ ሁሉ ስለ እውነተኛው ልጇ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከራሷ አጥር አውጥታ ጎረቤት አስቀመጠችው። ስሜቱ ከነሙሉ ክብደቱ አለ፣ ጣት የሚቀሰርበት የቤተሰብ ሰው ግን የለም። ከቤተሰብ ታሪክ የሚጽፍም ሆነ የሚሥል ሰው ሁሉ ይህን አንዴ ቆም ብሎ ቢያየው ይጠቅመዋል፤ የሆነውን ነገር ሳይሆን የተሰማህን ነገር እንዳለ ያዝና የሆነበትን ቤት ቀይር።

በዚህ መንገድ ብዙ ሄደች። ማይክል ጸሐፊ ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ። ኤልዛቤት አስተማሪ ሆና ወደ ሰሜን ሄደች። የኤሊ እናት ሞተች፣ አባቷ ጂም አያት ሆነው እነሱ ቤት ገቡ፣ በ2006 ስትሮክ መታቸውና ንግግር ጠፋባቸው። አእምሯቸው ሁሉን እያወቀ ከአፋቸው የሚወጡት ቃላት ግን ጥቂት ብቻ ሆኑ። ሽማግሌ ወላጅ በዚህ ሁኔታ ያስታመመ ሰው ያንን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቀዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ልጆች እንጂ የታመመ አያት በየቀኑ የሚሥል ብዙ አልነበረም።

አሁን ወደ ክፉው ክፍል። በ2007 የሊንና የሮድ ትዳር ፈረሰ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። በዚያን ጊዜ እሷ ስትሪፑን ቀስ በቀስ ለማቆም አቅዳ፣ አዲሱን ከድሮው ጋር እያቀላቀለች መሥራት ልትጀምር ነበር። እናም ስሙ በደግም በክፉም አብረን ነን የሚለው ታሪክ ሠዓሊ፣ ጠዋት ተነስታ በደስታ አብረው የሚያረጁ ባልና ሚስት መሣል ነበረባት። በባሏ መልክ የተሣለውን ሰውዬ። ጆንና ኤሊ አልተፋቱም። እሷም ይህን ወደ ስትሪፑ አላስገባም አለች።

ያኔ ብዙ ሰው ይህን እውነት መደበቅ ነው ብሏታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ገበናን መጠበቅ መዋሸት አይደለም፤ ልጆቿ አባታቸውን ጋዜጣ ላይ ሲፈረድበት ማየት አይገባቸውም ነበር፣ አንባቢም ይህን የመጠየቅ መብት የለውም። ሦስት ዓመት ብትጠብቅስ? ለእንዲህ ያለው ቁስል ሦስት ዓመት አይበቃም።

ግን ሐቁንም ልናገር፣ ያኔ የተሣለውን ሳየው አንድ ነገር ጎድሎታል። የመጨረሻዎቹ ዓመታት በጣም ያማሩ ናቸው። ሁሉም ቀለበት ወደ ልጅነቱ ተመልሶ ይገጥማል፤ ማይክል ያገባው በልጅነቱ የወደዳትን ልጅ ነበር፣ ኤልዛቤትም ከሰሜን ተመልሳ የትምህርት ቤት ፍቅረኛዋን አንቶኒን አገባች። ብዙ አንባቢ በዚህ ተከፋ፤ ልጅቷ ሩቅ ሄዳ የራሷን ሕይወት ስትጀምር ካየን በኋላ ለምን ወደ ድሮ ሰፈር ትመልሻታለሽ ብሎ። እኔም ከተከፉት ነኝ። እንደሚመስለኝ፣ ክፍተቱ ራሱ ተቀይሮ ነበር። ድሮ ክፍተቱ የትዝታ ነበር፤ የሆነ ነገር ነበረ፣ እሷ ራቅ ብላ ታየዋለች። አሁን ግን የምታየው ነገር የሚያም ስለሆነ ዘወር ብላ ሌላ ቤት ሣለች፣ እንዲሆን የምትመኘውን። ኤፕሪልም ከምኞት ነው የመጣችው፣ ልክ ነው፣ ግን ኤፕሪል ስትወለድ ከዙሪያዋ ያለው ቤት እውነተኛ ነበር፤ የሚደፋ ወተት ነበረው፣ የሚደክም እናት ነበረችው። በመጨረሻ ግን ምኞቱ ዙሪያውን ሁሉ ሞላው።

እንዲያም ሆኖ የመጨረሻው ሳምንት ውስጥ እውነቱ በአንድ ቦታ ሾልኮ ወጥቷል። በኦገስት 2008 የኤልዛቤት ሠርግ ቀን ነው፤ አያት ጂም ሆስፒታል ተኝተዋል። ሙሽራዋ ነጭ ቬሏን እንደለበሰች አያቷ አልጋ አጠገብ ትሄዳለች። መናገር የማይችል ሽማግሌና ሙሽራ። ሊን ስለ ትዳር አንዲት የግል ቃል ሳትናገር፣ ያንን ቃል ኪዳን፣ በክፉም ቀን የሚለውን ግማሹን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ አስቀመጠችው። እዚያ ላይ ያቺን የድሮዋን ሊን አገኘኋት።

ከዚያ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2008፣ ታሪኩ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። እንደገና 1979 ሆነ። የድሮዎቹን እያወጣች፣ በመካከላቸው በድሮው አሣሣል አዲስ እየሠራች ጨመረችበት፤ እስከ 2010 ድረስ እንዲህ ቀጠለች፣ ከዚያ የድሮዎቹ ብቻ መውጣት ጀመሩ። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፣ ባሏ የለም። ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ ኤሊን በሠላሳ ዓመቷ ትሥላታለች፤ ማይክል ትንሽ ልጅ ነው፣ ኤልዛቤት ገና እየዳኸች ነው፣ አያት ጂም ይናገራሉ፣ ጆን ማታ ከሥራ ይገባል። ፋርሊም በር ላይ ተጋድሟል፤ ቡችላነቱን ገና አልጨረሰም።